ሞተር በባሕር መካከል ሲቆም

ሰው መከራ በደረሰበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህ ነገር ከማን መጣብኝ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። የከሰረ ነጋዴ «ምቀኛ ነው» ይላል፤ ከመንገድ የቀረ መንገደኛም «ፈተና ነው» ብሎ ይደመድማል። ፈተና የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ታላቅ ክብር ያለው ቃል ነው፤ ኢዮብ በዐመድ ላይ የተቀመጠበት፥ ሠለስቱ ደቂቅ ወደ እሳት የተጣሉበት፥ ሰማዕታት አንገታቸውን ለሰይፍ የሰጡበት ነገር ፈተና ይባላልና። ይህን የመሰለውን የከበረ ቃል ወስደን በገዛ እጃችን ላበላሸነው ነገር መሸፈኛ ያደረግነው እንደ ሆነ ግን ቃሉን እናቃልላለን፤ ከዚያም የሚከፋው፥ ያላደረገውን አደረገ ብለን በእግዚአብሔር ላይ የሐሰት ምስክር ሆነን እንቆማለን።

ይህን ጉዳይ ልንመረምርበት የመረጥነው ምሳሌ ለአንዳንዱ አንባቢ ዝቅ ያለ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም በሐይቅ ላይ የሚሄድ የትንሽ ጀልባ ሞተር ከመንገድ መካከል የቆመ እንደ ሆነ ነጂውም ተሳፋሪውም ምን ሊያስቡ፥ ምንስ ሊያደርጉ ይገባቸዋል? የሚለው ነው። ወደ ጣና ገዳማት ለሚሳለሙ ሰዎች ግን ነገሩ ዝቅ ያለ አይደለም። ክብራን ገብርኤል፥ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ናርጋ ሥላሴ በውሃ የተከበቡ ስለሆኑ፥ ሊሳለማቸው የሚወድ ሁሉ ነፍሱን ለእንጨትና ለብረት አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት፥ ወደ ዳጋም ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጧት እንደ መስተዋት ረግቶ የሚታየው ውሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት መልኩ ይለወጣል። ጥልቀቱ እጅግ በዛ ቢባል 14 ሜትር ገደማ ነውና ማዕበሉ ዐጭርና ተከታታይ ሆኖ ጀልባውን ይመታዋል እንጂ እንደ ታላቁ ባሕር ማዕበል ረዥም ሆኖ አያንሳፍፈውም።

አባቶቻችን ይህን ውሃ የተሻገሩት ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር፤ ዛሬም በታንኳ የሚሻገሩ አሉ። የታንኳ ሕመም የታወቀ ነው፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከውሃ አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ሲያረጅም ይጥሉትና ሌላ ያስራሉ። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ስለሚያውቀው፥ ታንኳው የከበደበት ሰው «አላደረቅሁትም» ይላል እንጂ «ሰይጣን ያዘኝ» አይልም። የሞተር ሕመም ግን በብረቱ ውስጥ የተሰወረ ነው። ለሰውም ጠባይ ሆኖበት በዐይኑ ያላየውን ምክንያት ፈጥኖ ለመንፈስ ይሰጠዋል። ታንኳውን በእጁ የሚያደርቅ ሰው ሞተሩን በጠበል ብቻ ሊያነሣው የሚሞክረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ብረቱን ከፍተን እንመልከት። ሞተር የሚቃጠል ነዳጅ፥ የሚተነፍሰው አየር፥ የሚለኩሰው እሳት ይፈልጋል። ሙያው ያላቸው ሰዎች እንደሚያስተምሩት፥ ሞተሩ እንደ ሳለኛ እየተንተፋተፈ ቀስ በቀስ የደከመ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የጎደለበት ነዳጅ ነው፤ እንደ ተቆረጠ ክር በአንድ ጊዜ ጸጥ ያለ እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ የጠፋበት እሳት ነው፤ ወይም ከነጂው ክንድ ጋር የሚታሰረው የማጥፊያ ገመድ ሳይታወቅ ተስቦ ወጥቷል። በነዳጁ በኩል ያለው ሕመም ብዙ ነው። በቤንዚኑ መያዣ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ብሎን አለች፤ እርስዋን መክፈት የተረሳ እንደ ሆነ ቤንዚኑ ሞልቶ ሳለ መውረዱን ይተዋል። በሐይቅ መካከል ከተደረሰው ምሕላ ጥቂት የማይባለው በዚህች ብሎን ምክንያት የተደረሰ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም በዝናብ ከጀሪካን የተገለበጠ ቤንዚን ውሃ ይቀላቅላል፤ ፊልትሮው በቆሻሻ ይደፈናል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተለክቶ መደባለቅ ሲገባው በግምት የበዛበት እንደ ሆነም ካንዴላው ይጠቁርና እሳት መስጠት ይሳነዋል።

በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ እንቦጭ የሚባለው አረም ነው። ይህ አረም ሥሩና ግንዱ በውሃ ውስጥ በሚሽከረከረው የሞተር ክንፍ ላይ እየተጠመጠመ ያስረዋል፤ ሞተሩ ራሱን ለማቀዝቀዝ ውሃ የሚስብበትንም ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሞተሩ በደኅና ሲሠራ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ፈሳሽ ይወጣል፤ ያች ፈሳሽ የተቋረጠች እንደ ሆነ ሞተሩ በትኩሳት ሊሞት ጥቂት ደቂቃ እንደ ቀረው ማወቅ ይገባል። ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል። ይህን የማያይ ነጂ ዐይን አላጣም፤ ልማድ አጣ እንጂ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው የመካኒክ ትምህርት ለመስጠት አይደለም፤ ለዚያ ሌሎች አሉ። ከእነዚህ ሕመሞች የሚበዙት ከወደብ ሳይነሡ በሩብ ሰዓት ሊታዩ የሚችሉ መሆናቸውን ለማስረዳት ነው። ሊታይ የሚችለውን ሳያዩ ቀርቶ በኋላ ፈተና ብሎ መጥራት ይገባልን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

አንድ ወገን «ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ሊያደርሰን ከወደደ ያደርሰናል» ይላል። ይህ ወገን መቅዘፊያ፥ መልሕቅ፥ ትርፍ ካንዴላ መያዝን የእምነት ማነስ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሌላው ወገን ደግሞ «ነገሩ ብረት ነው፤ ጸሎት ከብረት ጋር ምን አለው?» ይላል። ለዚህ ለሁለተኛው ብዙ መልስ አያስፈልገውም፤ ብረቱን የሚመረምር አእምሮ፥ የማይንቀጠቀጥ እጅ፥ ነፋሱን የሚያቆም ጸጥታ ከወዴት እንደሚመጣ ሞተሩ በቆመ ጊዜ ራሱ ይማረዋል። ብዙ ነገር ልንናገር የሚገባን ለፊተኛው ነው፤ እርሱ የሚናገረው በእምነት ቋንቋ ስለሆነ ለመስማት የሚያምር፥ ለማረምም የሚያስቸግር ነውና።

ኖኅን እንመልከት። መርከብ እንዲሠራ ያዘዘው እግዚአብሔር ነው፤ በሩንም ከውጭ የዘጋለት እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ጠባቂ ያለው ሰው እንጨቱ ሲያፈስ ምን ያስጨንቀዋል? ነገር ግን መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ ታዘዘ። የሰማይን መስኮቶች የሚከፍትና የሚዘጋ ጌታ በሁለት ሳንቃ መካከል ያለችውን ስንጥቅ ያለ ቅጥራን መዝጋት ተስኖት አይደለም። በሩን መዝጋት የአምላክ ድርሻ ሆነ፤ ስንጥቁን መድፈን ግን ለኖኅ ተተወለት። ኖኅም «አንተ እያለህ ቅጥራን ለምኔ?» አላለም።

መጽሐፈ ጥበብ በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ባሕር ተጓዦች የሚናገረው ቃል ለዚህ ነገር የተጻፈ ይመስላል። መርከብን ትርፍ ፈላጊነት እንዳሳሰባት፥ የአናጢ ጥበብ እንደ ሠራት፥ የአብ መግቦት ግን እንደሚመራት ይናገራል። ከዚያም ቀጥሎ እግዚአብሔር የባሕርን ሙያ የማያውቀውን ሰው እንኳ ከጥፋት ሊያወጣው እንደሚችል ይገልጣል። «እንግዲያው ሙያ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ከዚህ ላይ ማንበቡን ያቆም ይሆናል። መጽሐፉ ግን አላቆመም፤ እግዚአብሔር የጥበቡ ሥራ ሥራ ፈት ሆኖ እንዲቀመጥ እንደማይወድ ወዲያው ይናገራል። ማዳን መቻሉ የተነገረው ኃይሉን እንድናውቅ ነው፤ ሥራ ፈትነትን አለመውደዱ የተነገረው ግን ፈቃዱን እንድናውቅ ነው። ኃይሉን ከፈቃዱ ለይቶ የሚይዝ ሰው ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ብሎ ጌታን እንደ ተፈታተነው እንደ ዲያብሎስ ይከራከራል፤ እርሱም የተናገረው መላእክት ለማዳን ስለሚችሉት ነገር ነበርና።

ቅዱስ ባስልዮስም ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት መድኃኒት መጠቀም ከሃይማኖት ጋር ይስማማልን? ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ ሕክምናን ከእርሻ፥ ከሽመናና ከቤት ሥራ ጋር አቈጥሮ፥ ለደካማው ባሕርያችን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ረድኤት መሆኑን አስተምሯል። በመድኃኒት ተስፋ ሁሉን መጣልን ከለከለ፤ መድኃኒትን መናቅንም ከለከለ። የታመመ ሰው ወደ ሐኪም መሄዱ እምነቱን ካላጎደለበት፥ ታማሚ ሞተር ያለው ሰው ወደ መካኒክ መሄዱ እንዴት ያጎድልበታል?

«ቅዱስ ጴጥሮስ በውሃ ላይ ሄዶ የለምን?» የሚል ቢኖር፥ ጴጥሮስ አስቀድሞ ትእዛዝ እንደ ለመነ ያስብ። «ና» ሳይባል እግሩን ከታንኳው አላወጣም። ገድላቸው ባሕርን እንደ ተሻገሩ የሚነግረን ቅዱሳንም የሄዱት በታዘዙበት መንገድ ነው። 20 ሰው በሚይዝ ጀልባ 35 ሰው ጭኖ የሚነሣው ሰው ግን «ና» ያለው ማነው? የመሳፈሪያው ገንዘብ አይደለምን?

በዚህ ላይ የኦሪት ሕግ የሚፈርደው ፍርድ አለ። በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ በሬ ሰውን ወግቶ የገደለ እንደ ሆነ፥ በሬው አስቀድሞ ተዋጊ ካልነበረ ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ተዋጊ መሆኑ ታውቆ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ እንደ ሆነ ግን የሞተው ሰው ደም በባለቤቱ ላይ ይሆናል። ልዩነቱ በበሬው ቀንድ ላይ አይደለም፤ በሬው በሁለቱም ጊዜ ያው በሬ ነው። ልዩነቱ በባለቤቱ ዕውቀት ላይ ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። ሳይታሰብ የተሰበረ ብረት ባለ ጀልባውን በደለኛ አያደርገውም፤ የሠራው ሰው ነውና፥ የሰው ሥራም ሁሉ ይሰበራልና። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ የቆመ፥ ነጂውም «ይህ ሞተር አይታመንም» ብሎ የነገረለት ሞተር ግን ተዋጊ በሬ ሆኗል። እርሱን በሕዝብ ላይ መልቀቅ ኀጢአት ነው፤ ያም ቀን በደኅና ቢያልፍ እንኳ ኀጢአት መሆኑ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ነው፤ ሰው ካልሞተ በደል የሌለ ይመስለዋል። በሬው በዚያ ቀን ስላልወጋ ባለቤቱ ጠበቀው አይባልም።

በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የቅዱስ ጳውሎስ የባሕር ጉዞ ይህን ነገር እስከ ጥልቀቱ ያሳየናል፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት። ሐዋርያው እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ፥ በቀርጤስ መልካም ወደብ በሚሉት ስፍራ ሳሉ የጉዞው ወራት እንዳለፈና መንገዱ ጥፋት እንዳለበት አስጠነቀቀ። ይህን የተናገረው ነቢይ ስለሆነ ብቻ አይመስለንም፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮበት እንደ ነበረ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ ይገኛልና፥ ባሕርን ያውቃት ነበር። የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ሰማ። ለስለስ ያለ የደቡብ ነፋስም በነፈሰ ጊዜ ያሰቡትን ያገኙ መሰላቸው። ለስላሳ ነፋስ ስንቱን ጀልባ ከወደብ አውጥቶታል!

ከዚያ ዐውሎ ነፋስ ያዛቸው፤ ፀሐይና ከዋክብት ሳይታዩ ብዙ ቀን ሆነ። በዚያ ጨለማ መልአኩ ለጳውሎስ ተገልጦ ከእርሱ ጋር ከሚሄዱት ከ276ቱ ነፍስ አንዲቱ እንኳ እንደማትጠፋ ነገረው። ተስፋው ያለ ጥርጥር ተሰጠ። በ14ኛው ሌሊት ወደ ምድር መቅረባቸውን የጠረጠሩት ኖትያት ጥልቀቱን በገመድ ለኩ፤ ከዐለት ጋር እንዳይጋጩም ፈርተው ከመርከቡ በስተኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ። ጥቂት ቆይተውም በስተፊት መልሕቅ የሚጥሉ አስመስለው ትንሿን ታንኳ አውርደው ሊያመልጡ ፈለጉ። አሁን ሐዋርያው ያደረገውን እንይ። «እግዚአብሔር ተስፋ ሰጥቶናል፤ ይሂዱ» አላለም። እነዚህ ሰዎች በመርከቡ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃው ነገረው፤ ወታደሮቹም የታንኳይቱን ገመድ ቈረጡ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ማንም እንደማይጠፋ ከተነገረ፥ ኖትያት ቢሄዱ ለምን ይጠፋሉ? መልሱ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር መጨረሻውን ሲያዝዝ መንገዱንም አብሮ ያዝዛል። 276 ነፍስ እንዲድን የታዘዘው በኖትያት እጅ፥ በአራቱ መልሕቅ፥ ቀድመው በበሉት እንጀራ፥ በኋላም በተሰበረው የመርከቡ ሳንቃ ላይ ተንሳፍፈው ነው። መልአኩን ያየው ጳውሎስ ራሱ ነው፤ የኖትያትን ሙያ አስፈላጊነት አጥብቆ የተናገረውም እርሱ ራሱ ነው። መልአክ ያላየን እኛ ግን መልሕቅ ሳንይዝ ልንሄድ እንደፍራለን። ደግሞ ሰዎቹ ለዐሥራ አራት ቀን እህል ሳይቀምሱ ስለ ቆዩ፥ እንዲበሉ መክሮ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመሰገነና ቈረሰ። በዚያ ሰዓት ለሰዎቹ ከምንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ጉልበትና ጸጥታ እንደ ሆነ አውቋልና። ሁሉም በደኅና ወደ መላጥያ ደሴት ወጡ።

ከዚህ በኋላ ሞተር በቆመበት ሰዓት ሊደረግ ስለሚገባው ነገር የምንናገረው አያስቸግረንም። አንድ ጊዜ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ተሳልመን ከቀትር በኋላ ስንመለስ ሞተሩ ቆመ። ነጂው ዕድሜው የገፋ ሰው ነበር። ሞተሩን አልነካም። አስቀድሞ መልሕቁን ጣለ፤ ነፋሱ ወደ ዐለቱ እየገፋን ነበርና። ገመዱንም ረዘም አድርጎ ለቀቀው፤ በነፋስ ጊዜ የመልሕቅ ገመድ ከውሃው ጥልቀት አምስት ወይም ሰባት እጥፍ ካልሆነ መልሕቁ ምድሩን እንደማይዝ በኋላ ነገረን። ከዚያ ተሳፋሪውን ሁሉ በያለበት አስቀመጠ፤ ሰው በፍርሃት ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን የተሰበሰበ እንደ ሆነ ጀልባው ይገለበጣል፤ ሞተር የቆመበት ጀልባ ግን ስለ ቆመ ብቻ አይሰጥምና። ቀጥሎ አማተበና አቡነ ዘበሰማያት እንድንደግም ለመነን። እኛ ስንደግም እርሱ ማጥፊያውን ነቅሎ፥ ሞተሩን ከውሃ ወደ ላይ ቀና አድርጎ በቢላዋ የእንቦጩን ሥር ይቈርጥ ነበር። አንድ ወጣት ትዕግሥቱ አልቆ «አባባ፥ ዝም ብለው ገመዱን ደጋግመው ይሳቡት እንጂ!» ቢለው፥ «ልጄ፥ ታንቆ ነው እንጂ አልሰማም ብሎ አይደለም» አለው።

ይህ ቃል ብዙ አሳሰበን። ሞተሩን በቁጣ ደጋግሞ የሚስብ ሰው ቤንዚኑን ወደ ውስጥ እያጎረፈ ካንዴላውን ያረጥበዋል፤ ከዚያ በኋላ ደኅናውም ሞተር አይነሣም፤ ካንዴላውን አውጥቶ ማድረቅና ጥቂት መቆየት ያሻል። አበው ስለ ቁጣ የጻፉትን ትምህርት በብረት ላይ ተጽፎ ለማየት የሚወድ ይህን ይመልከት። ሞተር አይሰድበንም፥ አይንቀንም፤ ቁጣችን በእርሱ ላይ የሚነሣው ፍርሃታችንን የምናራግፍበት ስላጣን ነው። ጸሎት በዚያ ሰዓት ከሚሰጠው ጸጋ አንዱ ይህ ነው፤ ፍርሃታችንን ወደሚሸከመው ጌታ ስለምናደርሰው እጃችን ለሥራ ነጻ ይሆናል።

አንዳንድ ነጂዎች ሞተሩ ሲታመም ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ብለው ነገሩን ይሰውራሉ፤ «ጥቂት እንረፍ ብዬ ነው» ይላሉ። ስለ ደግ ሐሳብ የተነገረ ቢሆንም ይህን አንቀበለውም። ተሳፋሪው ነፍሱ ናትና የሚሆነውን የማወቅ መብት አለው፤ ደግሞም እውነቱን በጊዜው ያልሰማ ሕዝብ በኋላ «ተቀመጡ» ቢባል አያምንም። በቅዱስ ጳውሎስ መርከብም ኖትያት የዋሹት ነገር መልሕቅ የምንጥል ነን ብለው ነበር። ዮናስ ባለበት መርከብ ግን ሁሉም በግልጥ ተነጋገሩ፤ እያንዳንዱ ወደ አምላኩ ጮኸ፥ ዕቃውንም ወደ ባሕር ጣለ፥ ወደ ምድርም ሊመለሱ አጥብቀው ቀዘፉ። አሕዛብ ሆነው ሳለ ጸሎትን ከሥራ አልለዩም። የተኛው የእግዚአብሔር ነቢይ ነበር።

ስለ ነቢዩ እንቅልፍ ካነሣን ስለ እኛ ስለ ካህናቱም እንናገር። የበዓል ዋዜማ በሆነ ጊዜ፥ ቀኑ መሽቶ ነፋሱም ተነሥቶ ሳለ፥ ነጂው «ነገ ጧት እንሂድ» ሲል «ታቦቱ ይጠብቀናል፤ ንሣ ተነሥ» የምንለው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ነጂው ሙያውን ቢያውቅም ካህንን እምቢ ማለት ያስፈራዋል። የእምነት ቃል ከአፋችን ይወጣል፤ አደጋው ግን የሚወድቀው በእርሱና በተሳፋሪው ላይ ነው። የማኅሌቱ ሰዓት እንዳያልፍ መሳሳት መልካም ነው፤ ማኅሌቱ ግን ሰው አስጥሞ የተደረሰ እንደ ሆነ በማን ፊት ሊቆም ነው? በዚህ ጉዳይ የመወሰኑ ሥልጣን ነፋሱን ለሚያውቀው ሰው ይሰጥ፤ ካህኑም አስቀድሞ ይታዘዝለት፤ ሌላውም ከእርሱ አይቶ ይታዘዛል።

የተቀጠረውን ነጂ ከባለ ጀልባው ጋር አንድ አድርገን አንፈርድበትም። ነጂው ዛሬ እምቢ ቢል ነገ ሌላ ይቀጠርበታል፤ ልጆቹም ይራባሉ። ሞተሩ እንደማይታመን ለባለቤቱ በግልጥ ከነገረ፥ ከሚችለውም ጥንቃቄ ሁሉ ያላጎደለ እንደ ሆነ፥ የሚበዛው ዕዳ በባለቤቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ጀልባው ከመጠን በላይ ሲጫን ዝም ያለበት ዝምታ የእርሱ ነው፤ ይህንን ንስሓ አባቱ ሊጠይቀው ይገባል። ንስሓ አባቶች ባለ መኪናውን፥ ባለ ጀልባውን፥ ባለ ወፍጮውን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ሲጠይቁ ስለ መሣሪያውም ቢጠይቁ ከሥልጣናቸው አይወጡም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ያንን የጻፈ ሕግ በዛሬ ጊዜ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ስለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬት ዝም የሚል አይመስለንም።

ሁሉ በጊዜው ተደርጎ ሳለስ? ቤንዚኑ ተጣርቶ፥ አንድ ሢሶው ለመሄጃ፥ አንድ ሢሶው ለመመለሻ፥ አንድ ሢሶው ለክፉ ቀን ተይዞ፥ ካንዴላውም ታድሶ ሞተሩ ቢሰበር? ያን ጊዜ ፈተና የሚለው ቃል በስፍራው ይገባል፤ የሚመጣውም ሌላ ዐይነት ጥያቄ ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ራሱ ግድ ብሎ ወደ ታንኳ አግብቷቸው፥ እነርሱም ታዝዘው ሲቀዝፉ ነፋስ ተቃወማቸው። ያጎደሉት አልነበረም። ሲጨነቁም ከተራራው ያያቸው ነበር፤ የመጣው ግን ከሌሊቱ በአራተኛው ክፍል ነው። ለምን ቀድሞ አልመጣም? ይህን ሙሉ በሙሉ መተርጐም አንችልም። የምናውቀው፥ በዚያ ሌሊት ሁሉ መቅዘፊያውን እንዳልጣሉ፥ ሲመጣም በመቅዘፊያቸው ላይ እንዳገኛቸው ነው። በንጹሕ ሕሊና የሚጠብቅና በሚወቅስ ሕሊና የሚጠብቅ ሰው በአንድ ጀልባ ቢቀመጡ እንኳ ሌሊቱ ለሁለቱ እኩል አይረዝምም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ስለሚመጣልን እንመልሰዋለን። በሐይቅ መካከል ሞተር የቆመበት ሰው ይሳላል፤ «ካወጣሽኝ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ አገባለሁ» ይላል። ይወጣል፤ ጥላውንም ያገባል። ፊልትሮው ግን እንደ ደፈነ፥ ካንዴላውም እንደ ጠቆረ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጥላ ይሳላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያመጣውን ጥላ ቤተ ክርስቲያን አትመልስበትም፤ ነገር ግን ምሕረትን የሚገዛባት መንገድ ያገኘ እንዳይመስለው ሊነገረው ይገባል።

በቅርቡ አንድ ባለ ጀልባ መጥቶ ነገሩ ከሕሊናው ጋር ሲጣላበት እንደ ነበር ነገረን። «አባቴ፥ ጥላ ተስዬ ነበር፤ ግን በጀልባዬ ላይ ለተሳፋሪ የሚሆን ጃኬት የለም። በጥላው ፈንታ ጃኬት ብገዛ ስለቴ ይደርስልኛልን?» አለ። ጥያቄው መልካም ልብ እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ስለት እንደ ተሳሉት ይከፈላል እንጂ በሌላ አይለወጥም፤ ደግሞም ጃኬቱን ለእግዚአብሔር እንደ ስጦታ አድርጎ ማቅረብ አይችልም፤ ለተሳፋሪዎቹ ቀድሞ ሊሰጣቸው የሚገባ ዕዳ ነበረና። ስለዚህ «ልጄ፥ ጥላውን ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት አስገባ፤ ጃኬቱን ግን ሌላ ሰው ከመጫንህ በፊት ግዛ» ብለን መለስንለት። ሁለቱን ባንድ ወር መግዛት እንደሚከብደው ነገረን። እንግዲያው የካቲት እስኪደርስ ለጥላው ጊዜ አለህ አልነው፤ እርሱም ለ20 ሰው የሚበቃ ጃኬት ስንት እንደሚያወጣ ሊጠይቅ ወደ ገበያ ወረደ።